የሟች ፈቃድ፤ ስለ ኤሮል ጋርነር ያልታተሙ ድምፆች

ሰው ሲሞት ንብረቱ በኑዛዜው ይከፋፈላል፤ ኑዛዜ ያልተወ እንደ ሆነ በሕግ ይከፋፈላል። ነገር ግን ሟቹ ሙዚቃ ተጫዋች የሆነ እንደ ሆነ፣ ሕግ ባለቤቱን ቢናገርለትም ፈቃዱን የማይናገርለት አንድ ነገር ከኋላው ይቀራል። ይኸውም ተቀርጾ ሳለ በሕይወቱ ዘመን ለሕዝብ ያልወጣ ድምፁ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ ሸክላ አሳታሚዎች ይህን ድምፅ ከየሣጥኑና ከየመጋዘኑ እያወጡ፣ «እስከ ዛሬ ያልታተመ» የሚል ጽሕፈት ለጥፈው ይሸጡታል። በጃዝ ሙዚቃ ዘንድ ይህ ልማድ እጅግ በዝቷል። ገዢውም ሀብት ተገኘ ብሎ ይደሰታል። ሀብቱ ስለ ምን ተቀምጦ እንደ ቆየና ባለቤቱ ምን ሊያደርገው አስቦ እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚደረግ ሽያጭ ሁሉ፣ ሙዚቃው እጅግ ያማረ ቢሆን እንኳ፣ አደራ መብላት ነው።

ነገሩን ከሁሉ አብልጦ የሚገልጠው የፒያኖ ተጫዋቹ የኤሮል ጋርነር ታሪክ ነው። ጋርነር በፔንሲልቬኒያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ በ1921 ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፒያኖ ተጫወተ፤ ኖታ ማንበብን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተማረም። ቁመቱ አጭር ስለ ነበረ በወንበሩ ላይ የስልክ ቁጥር ማውጫ መጻሕፍት ደራርቦ ይቀመጥ ነበር። ግራ እጁ እንደ ጊታር ምት ሳያቋርጥ በእኩል ሲመታ፣ ቀኝ እጁ ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ እየዘገየ ይከተላል። ዜማውን ከመጀመሩም አስቀድሞ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ ረጅም መግቢያ ይጫወት ስለ ነበር፣ አጠገቡ የቆሙት ባልደረቦቹ ሳይቀሩ የትኛው ዜማ እንደሚመጣ ለመገመት ይቸገሩ ነበር። በ1954 የደረሰው «ሚስቲ» የተባለው ዜማ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ከሌላው ደራሲ የሚለይበትን ነገር ማስተዋል ይገባል። ባለቅኔ ብራና አለው፤ ይፍቃል፤ ይደልዛል፤ ያልወደደውንም ገጽ ይቀድዳል። ኖታ የሚጽፍ ሙዚቀኛም እንዲሁ ነው። ኖታ የማያውቀውና ከልቡ አፍልቆ የሚጫወተው ጋርነር ግን ብራናው ክር ነበረ። መፋቅና መደለዝ አይችልም፤ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይህ ይውጣ፤ ይህ ይቅር» ማለት ነው። ይህን ሥልጣን የነጠቁት እንደ ሆነ የደራሲነቱን እኩሌታ ነጠቁት ማለት ነው።

ጋርነርም ይህንን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1956 ከታላቁ የኮሎምቢያ ሸክላ ኩባንያ ጋር ውል ሲያድስ፣ ያለ ፈቃዱ አንድም ድምፅ እንዳይታተም የሚያዝ ቃል አስገባ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ለሚኖር ጥቁር የጃዝ ተጫዋች ይቅርና፣ ስሙ ገናና ለሆነ ነጭ ተጫዋች እንኳ እንዲህ ያለው ውል እምብዛም የማይገኝ ነበር። ይህንንም ውል ለማግኘት ከጎኑ ሆና የተከራከረችው ወኪሉ ማርታ ግሌዘር ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጋርነር ከኩባንያው ሲለይ፣ ኩባንያው በመጋዘኑ የቀሩትን የቀድሞ ድምፆች ሳያስፈቅደው አሳተመ። ጋርነርም በ1960 ኩባንያውን በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩ እየተጓተተ ቆይቶ በ1962 ጋርነር ረታ፤ ኩባንያው ገንዘብ ከፈለ፤ የድምፁንም ክሮች መለሰ። ጋርነርና ግሌዘርም ኦክቴቭ የተባለ የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቋቁመው ሥራቸውን በገዛ እጃቸው መቆጣጠር ያዙ።

አንዳንድ ሰው ይህንን ሰምቶ፣ ጋርነር ያልታሰበ ቀረጻን ሁሉ የሚጠላ ጠባብ ሰው ነበር ብሎ ያስብ ይሆናል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሸክላዎቹ ሁሉ የበለጠ ዝና ያተረፈለት «ኮንሰርት ባይ ዘ ሲ» የተባለው፣ ለሸክላ ተብሎ የተቀረጸ አልነበረም። በመስከረም 1955 በካሊፎርኒያ በካርሜል ከተማ፣ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሲጫወት፣ አንድ ወዳጅ ከመድረኩ ኋላ መቅረጫ አስቀምጦ ኖሯል። ግሌዘር የሚሽከረከረውን ክር አየች፤ ተቀበለችውም፤ ለኮሎምቢያም ኩባንያ አቀረበችው። ድምፁ የጠራ አልነበረም፤ ባሱና ከበሮው ከሩቅ ይሰማሉ፤ ፒያኖውም ቢሆን በሚገባ የተቃኘ አልነበረም። ሆኖም ጋርነር ፈቀደ፤ ሸክላውም ታትሞ በጃዝ ታሪክ እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሆነ።

እነሆ፣ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ማቆም ነው። በ1955 የተቀረጸው ያልታሰበና ጉድለት ያለበት ድምፅ ባለቤቱ ሲፈቅድለት በረከት ሆነ። በ1960 የወጣው፣ በጥሩ ስቱዲዮ የተቀረጸው ድምፅ ደግሞ ባለቤቱ ሳይፈቅድለት የክስ ምክንያት ሆነ። ልዩነቱ በቀረጻው ጥራት አይደለም፤ በዜማውም ውበት አይደለም። ልዩነቱ ፈቃድ በሚባል በአንድ ቃል ላይ ነው።

ጋርነር በጥር 1977 በሎስ አንጀለስ ሞተ። ግሌዘርም ክሮቹን፣ ደብዳቤዎቹንና ውሎቹን ጠብቃ እስከ ታኅሣሥ 2014 ኖረች፤ እርስዋም ስትሞት መዝገቡ በትውልድ ከተማው ለሚገኘው ለፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ2015 የካርሜሉ ኮንሰርት ሳይታተሙ የቀሩ 11 ዜማዎች ተጨምረውበት በሙሉ ወጣ። በ2016 ደግሞ «ሬዲ ቴክ ዋን» የተባለ ስብስብ ታተመ። ይህ ስብስብ ከ1967 እስከ 1971 የተቀረጹና ከዚያ በፊት ያልታተሙ 14 ቁራጮችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነርሱም 6ቱ ጋርነር ራሱ የደረሳቸውና ሕዝብ ሰምቷቸው የማያውቁ ናቸው። ስሙም በስቱዲዮ ቀረጻ ሲጀመር ከሚሰማው ጥሪ የተወሰደ ነው። ካዘጋጁትም መካከል ራስዋ ታላቅ የፒያኖ ተጫዋች የነበረችው፣ በ2017 ያረፈችው ጌሪ አለን ትገኛለች።

ሙዚቃው መልካም መሆኑን መካድ አይቻልም፤ መካድም አያስፈልግም። ጋርነር በእነዚያ ዓመታት ጣቱ አልደከመም፤ ደስታውም አልቀዘቀዘም። ዳሩ ግን አንድ ነገር ከዓይን ሊሰወር አይገባም። ይህን ስብስብ ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ነው። ሶኒ ደግሞ ኮሎምቢያን ከነመጋዘኑ በ1988 የገዛው ኩባንያ ነው። እንግዲህ ጋርነር ያለ ፈቃዴ አሳተመ ብሎ የከሰሰው ኩባንያ ወራሽ፣ ጋርነር በሕይወቱ ያላሳተመውን ድምፅ ለማሳተም ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ ማለት ነው። በእርግጥ በዚህ ጊዜ የመጣው በወራሾቹ በር ነው፤ በስምምነትም ነው፤ በሕግም የሚያስወቅሰው ነገር የለም። ነገር ግን የሕግ ነቀፋ አለመኖሩ የጥያቄውን መልስ ይሰጣልን?

ጋርነር ከነዚህ ቀረጻዎች የመጨረሻው ከተቀረጸ በኋላ ከአምስት ዓመት በላይ ኖሯል። የራሱ ድርጅት ነበረው፤ የሚከለክለውም ጌታ አልነበረበትም። በዚያም ጊዜ «ጄሚኒ»ንና «ማጂሺያን»ን የመሳሰሉ ሌሎች ሸክላዎችን አውጥቷል። እነዚህን 14 ቁራጮች ግን አላወጣም። ይህ ዝምታ ምን ማለት ነው? ጠልቷቸው ይሆንን? ወይስ ለኋላ ጊዜ አስቀምጧቸው ሳለ ሕመም ቀደመው? ዝምታ እሺታ አይደለም፤ እንዲሁም እንቢታ አይደለም። ስለዚህም የሚያሳትመው ሰው ዝምታውን እንዴት እንደ ተረጐመ ለገዢው በግልጥ መንገር ግዴታው ነው። «እስከ ዛሬ ያልታተመ» የሚለው ጽሕፈት የሚናገረው ስለ ዕቃው አዲስነት ብቻ ነው፤ ስለ ሰውዬው አሳብ ምንም አይናገርም።

በዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ተከራካሪዎች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው፣ «የሞተ ሰው አያፍርም፤ አይጐዳምም፤ ጥበብ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ስለ ሆነ ሁሉም ይውጣ» ይላል። ይህ ክርክር ለጋስ ይመስላል፤ ልግስናው ግን በሌላው ገንዘብ ነው። በሸክላው ሽፋን ላይ የተጻፈው ስም የሟቹ ነው። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ስሙን አምኖ ነው፤ አድማጩም የሚያመሰግነው ወይም የሚነቅፈው ሟቹን ነው። የደከመ ቀረጻ በወጣ ጊዜ «አሳታሚው ተሳስቶ መረጠ» የሚል የለም፤ «ተጫዋቹ በመጨረሻ ዘመኑ ደከመ» ይባላል እንጂ። አባቶች ከአፍ የወጣ አፋፍ ብለዋል። ሕያው ሰው ያመለጠውን ቃል በሌላ ቃል ሊያቃናው ይችላል፤ ሟች ግን የሚያቃናበት ቃል የለውም። ስለዚህ ለሟች የሚደረገው ጥንቃቄ ለሕያው ከሚደረገው መብለጥ ይገባዋል እንጂ ማነስ አይገባውም።

ሁለተኛው፣ «ወራሾቹ ፈቅደዋልና ነገሩ አልቋል» ይላል። ወራሽ መፍቀዱ የግድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አይበቃም። ወራሽ ርስትን ይወርሳል እንጂ ጆሮን አይወርስም። ይህ ዜማ ይውጣ፣ ይህ ይቅር ብሎ መለየት በደም የሚተላለፍ ዕውቀት አይደለም። መምረጥ ራሱ ድርሰት ነውና። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የሌላው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች የቢል ኤቫንስ ታሪክ ነው። ኤቫንስ በሰኔ 25 ቀን 1961 በኒው ዮርክ በቪሌጅ ቫንጋርድ ክበብ ከባስ ተጫዋቹ ከስኮት ላፋሮ ጋር ሲጫወት ተቀረጸ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ላፋሮ በመኪና አደጋ ሞተ። ኤቫንስና አሳታሚው ኦሪን ኪፕኒውስ ለመጀመሪያው ሸክላ ዜማ ሲመርጡ፣ የላፋሮ ባስ ጎልቶ የሚሰማበትን መረጡ። ያ ሸክላ እንግዲህ የዜማ ስብስብ ብቻ አይደለም፤ ለወዳጅ የቆመ መታሰቢያ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2005 የዚያን ዕለት ቀረጻ በሙሉ አንድ ላይ በሦስት ሲዲ ወጣ። ለሚያጠና ሰው ይህ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ሙሉውን ብቻ የሰማ ሰው መታሰቢያውን አልሰማም። የቀኑን ውሎ ሰማ እንጂ የኤቫንስን ኀዘን አልሰማም።

ሦስተኛው ተከራካሪ ከሌላው ወገን ይመጣና፣ «እንዲህማ ከሆነ ሟቹ ያላወጣው ሁሉ ይቃጠል፤ ወይም ለዘለዓለም ይቆለፍ» ይላል። ይህም ስሕተት ነው። በኅዳር 29 ቀን 1957 ቴሎኒየስ መንክ ከጆን ኮልትሬን ጋር በኒው ዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወት የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ቀርጾት ነበር። ክሩ በዋሽንግተን በሚገኘው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተረስቶ ኖሮ፣ በ2005 ተገኘና በዚያው ዓመት ታተመ። ሁለቱ ሰዎች አብረው የተጫወቱት ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ቀረጻም እጅግ ጥቂት ነበር። ይህ ክር ቢቃጠል ኖሮ ጉዳቱ በምን ይመዘን ነበር? ኤቫንስም በሰኔ 1968 በጀርመን አገር በፊሊንገን ከተማ፣ በሚገባ በተዘጋጀ ስቱዲዮ ተቀርጾ ሳለ፣ በሌላ ኩባንያ ውል የታሰረ ስለ ነበረ ቀረጻው እስከ 2016 ሳይወጣ ቀረ። በእነዚህ በሁለቱ ድምፁን የዘጋው የተጫዋቹ ፈቃድ አልነበረም፤ በአንዱ መረሳት፣ በሁለተኛው የነጋዴ ውል ነበረ። ሌላው የዘጋውን በር መክፈት ባለቤቱ የዘጋውን በር እንደ መስበር አይቆጠርም።

እንግዲህ የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ይገኛል። «ያልታተመ» የሚለው አንድ ቃል አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከትቶ ይሸጣል። አንደኛው፣ ተጫዋቹ ሰምቶ የጣለው ነው። ሁለተኛው፣ ተጫዋቹ የወደደውና ውል ወይም ገንዘብ ያገደው ነው። ሦስተኛው፣ ተቀርጾ የተረሳው ነው። አራተኛው፣ ተጫዋቹ መቀረጹን ሳያውቅ የተቀረጸው ነው። ለዚህ ለአራተኛው ምሳሌ አንድ የኤቫንስ አድናቂ ከ1966 እስከ 1975 በቪሌጅ ቫንጋርድ እየተገኘ በስውር የቀረጸው ድምፅ ነው፤ እርሱም ኤቫንስ በ1980 ከሞተ በኋላ፣ በ1996 በስምንት ሲዲ ታትሞ ተሸጠ። ስሙም ሳያፍር «ዘ ሲክሬት ሴሽንስ»፣ ማለትም ምስጢራዊ ቀረጻዎች ተባለ። የቀረጸው ሰው በፍቅር እንዳደረገው አይጠረጠርም፤ ፍቅር ግን ፈቃድን አይተካም። ኤቫንስ በእነዚያ ሌሊቶች ይጫወት የነበረው ክበቡ ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች ነበር። መሞከር፣ መሳሳት፣ ደግሞም መመለስ የሚችለው ሌሊቱ ሲነጋ አብሮ የሚያልፍ መሆኑን አምኖ ነው።

አራቱ ነገሮች የተለያዩ ከሆኑ፣ ሕጋቸውም የተለያየ መሆን ይገባዋል። ያልታተመ ድምፅ የሚያሳትም ሰው ሊፈጽማቸው የሚገቡ ግዴታዎች ከባድ አይደሉም። በሽፋኑ ላይ፣ ድምፁ ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነና ስለ ምን ሳይወጣ እንደ ቆየ በግልጥ ይጻፍ። ተጫዋቹ ሰምቶ እንደ ጣለው የታወቀው ወደ ገበያ አይውጣ፤ ነገር ግን አይቃጠል፤ የጋርነር መዝገብ እንደ ተቀመጠበት ባለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥና ለሚያጠና ሰው ክፍት፣ ለሚነግድ ሰው ዝግ ይሁን። ተጫዋቹ በሕይወቱ መርጦ ያወጣው ሥራ በአዲስ ጭማሪ አይሸፈን። በዚህ ረገድ የ2015ቱ የካርሜል ስብስብ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ኮንሰርቱን በሙሉ ሲያወጣ፣ ጋርነር የፈቀደውንም የቀድሞውን ሸክላ ሳይነካ ለብቻው በአንድ ሲዲ አኑሮታልና። እንዲሁም ከሽፋኑ ላይ ስማቸው በትንሽ ፊደል የሚጻፈው የባስና የከበሮ ተጫዋቾች ወይም ወራሾቻቸው ድርሻቸውን ያግኙ፤ አደራው የአንድ ሰው ብቻ አይደለምና።

አሳታሚዎች፣ «ይህን ሁሉ ብንጽፍ ገዢው ይሸሻል» ይሉ ይሆናል። ገዢ እውነትን ሰምቶ የሚሸሽ ከሆነ፣ ቀድሞ ይገዛ የነበረው ሐሰትን ነበር ማለት ነው። ደግሞም ገዢው ራሱ ከወቀሳ ነፃ አይደለም። ሻጭ የሚያቀርበው የሚጠየቀውን ነው። «ሌላስ የቀረ የለም ወይ?» እያለ የሚጠይቅ አድማጭ በበዛ ቁጥር፣ መጋዘኑ እስከ መጨረሻው ይበረበራል፤ የተጣለው ይነሣል፤ የተሰረዘው ይነበባል። በአንጻሩ «ይህን እርሱ ሰምቶት ነበርን? ወድዶት ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ቢበዛ፣ አሳታሚው መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል። አንድ ሸክላ ሲገዛ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ጋርነር በ1962 የረታው ክርክር የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አንድ ሙዚቀኛ የገዛ ድምፁ ጌታ መሆኑን፣ ታላቅ ኩባንያም ቢሆን ይህን ሊሽር እንደማይችል ያስመሰከረበት ነው። ይህ ድል እስከ ጥር 1977 ብቻ የሚያገለግል ከሆነ፣ ድል ሳይሆን የጥቂት ዓመታት የጊዜ ገደብ ነበር ማለት ነው፤ ሞትም የኩባንያዎች ጠበቃ ሆነ ማለት ነው። በሕይወቱ ሳለ ፍርድ ቤት ቆሞ «አይሆንም» ያለ ሰው፣ በሞተ ጊዜ ስለ እርሱ «ቆዩ፤ አስቀድሞ ይጠየቅ» የሚል አንድ ሰው ሊያጣ አይገባውም።